«ኮንትራክተሩ ይጠየቃል» ብሎ መተኛት

ጎንደር ውስጥ ፎቅ የሚጨምር፣ ጣሪያ የሚቀይር ወይም ግቢው ውስጥ ሰርቪስ ቤት የሚሠራ ሰው «ኢንሹራንስ ገባህ ወይ?» ቢባል መልሱ አፉ ላይ ነው። «ምን ያደርግልኛል? የሆነ ነገር ቢፈጠር ኮንትራክተሩ ይጠየቃል።» ይህን የሚለው ስለ ሕግ ሰምቶ የማያውቅ ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ ክርክር ባላስፈለገ። መምህሩም ነጋዴውም ይለዋል። ከዋሽንግተን ገንዘብ እየላከ በወንድሙ በኩል የሚያሠራውም ይለዋል፤ ውሉን የሚጽፍለት ራፖር ጸሐፊም አብሮ ይለዋል።

አባባሉ በሕግ ፊት ግማሹ ሐሰት ነው፤ ነገሩ ወደ ገንዘብ ሲመጣ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ሐሰት ነው። አንድ ቤት በዕድሜው ሁሉ መድን በጣም የሚያስፈልገው ጣሪያው በተነሣበት፣ ግድግዳው በተከፈተበትና ሶሌታው በባሕር ዛፍ በተደገፈበት ወቅት ነው። የእኛ ሰው ግን መድንን የሚያስበው ሥራው አልቆ ቀለም ከተቀባ በኋላ ነው፤ ያውም ባንክ ካስገደደው።

እስቲ ውሉን እንየው። አብዛኛው ሰው የሚዋዋለው በእጅ ዋጋ ነው፤ ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ አሸዋና ጠጠር በባለቤቱ፣ ጉልበቱ በፎርማኑ። ከሌላ ሰው ውል የተገለበጠ ሁለት ገጽ ወረቀት ላይ፣ ከክፍያው አከፋፈል ቀጥሎ፣ «በሥራው ምክንያት ለሚደርስ ማንኛውም ጉዳት ሥራ ተቋራጩ ሙሉ በሙሉ ተጠያቂ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር አይጠፋም። ሦስት ምስክሮች ይፈርማሉ፣ ቡና ይጠጣል፣ ባለቤቱም ሸክሙን ያወረደ ይመስለዋል። ግን ያ የፈረመው ሰው ማን ነው? ብዙውን ጊዜ ሚክሰሩንና ቫይብሬተሩን በቀን ኪራይ የሚያመጣ፣ ቀን ሠራተኞቹን ጠዋት ከመንገድ ዳር የሚሰበስብ፣ የራሱ ሀብት ጥቂት ሞራሌና የመሣሪያ ሳጥን የሆነ ጎበዝ ባለሙያ ነው። በሙያው አላማውም፤ ከተማዋን ያቆሙት እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን የጎረቤት ግድግዳ ቢደረመስ፣ ፍርድ ቤትም «ክፈል» ቢለው፣ በአፈጻጸም ከእሱ ምን ይያዛል? ሞራሌው?

ፍትሐ ብሔር ሕጉ ለዚህ ጥያቄ ያስቀመጠው መልስ ብዙዎቹን ባለቤቶች ያስደነግጣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው ይህ ሕግ በቁጥር 2077 ሕንፃ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊው የሕንፃው ባለቤት ነው ይላል፤ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ በማይችል ምክንያት የመጣ ቢሆን እንኳ። ባለቤቱ ጥፋተኛ መሆኑን ማስረዳት አያስፈልግም። ጎረቤቱ ክስ ሲመሠርት የፎርማኑን ስም ፍለጋ አይሄድም፤ ካርታው በማን ስም እንደሆነ ያውቃል። ቁጥር 2079 ደግሞ የሌላው ሰው ሕንፃ ያሰጋው ሰው፣ ባለቤቱ አስፈላጊውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ አስቀድሞ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። በመሃል ቁጥር 2078 ላይ አንድ የማምለጫ በር አለ፦ ባለቤቱ የሕንፃውን ባለቤትነት ለተጎጂው አስረክቦ ከኃላፊነት ነጻ መውጣት ይችላል። ያውም ጉዳቱ የራሱ ወይም እሱ የሚጠየቅለት ሰው ጥፋት ካልሆነ ነው። ቤቴን ላሻሽል ብሎ የተነሣ ሰው ቤቱን ለጎረቤቱ ሰጥቶ መውጣቱን እንደ መፍትሔ የሚቆጥር ካለ፣ የሚቀጥለውን ማንበብ አያስፈልገውም።

የሕግ ሰው እዚህ ላይ እጁን ያወጣል፤ ቁጥር 2134ስ? እውነት ነው፤ ነጻነቱን ጠብቆ በራሱ ኃላፊነት የሚሠራ ሰው ለሚፈጽመው ጥፋት ያሠራው ሰው አይጠየቅም የሚል ድንጋጌ አለ። ግን ሁለት ነገር ይጎድለዋል። አንደኛ፣ ድንጋጌው የሚናገረው ስለ ሰው ጥፋት ነው፤ 2077 ደግሞ የሚናገረው ስለ ሕንፃው ነው፤ አንዱ በር ቢዘጋ ሌላው ክፍት ነው። ሁለተኛ፣ የእኛ ባለቤት ተቋራጩን ነጻ የሚተው ዓይነት አይደለም። ጠዋት ሥራ ቦታ ይገኛል፣ «ይህን ኮለን አንሡልኝ፣ ያን መስኮት አስፉልኝ» ይላል፣ ሲሚንቶ ይቆጥራል፣ ቅዳሜ ማታ ለቀን ሠራተኞቹ በእጁ ይከፍላል። አዛዥም ከፋይም ሆኖ ከዋለ በኋላ «እኔ አሠሪ አይደለሁም» ማለት ይከብዳል። ፍርድ ቤት አሠሪ ነህ ካለው ደግሞ የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ይጠብቀዋል፤ በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት ለሞተ ወይም ዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት ለደረሰበት ሠራተኛ መሠረቱ የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ነው።

አሁን ከወረቀቱ ወጥተን ወደ ሥራ ቦታው እንሂድ። ጎንደር ሜዳ ላይ የተዘረጋች ከተማ አይደለችም። በአንገረብና በቀሃ መካከል ባለው ተዳፋት ላይ አንዱ ቤት በሌላው ራስ ላይ ተቀምጧል። የላይኛው ሰው መሠረት ሲቆፍር የታችኛው ሰው ድጋፍ ግንብ ይላላል፤ የታችኛው ሲቆፍር ደግሞ የላይኛው ቤት ከሥሩ ባዶ ይሆናል። የቆዩት ቤቶች ግድግዳቸው ድንጋይና ጭቃ ነው፤ ደርቆ ሳለ ዘመን ይሻገራል፣ ውሃ ከገባው ግን ሆዱን ነፍቶ ይቆያል እንጂ ቀስ ብሎ አይወድቅም፤ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ሥራው የሚጀመረው በጋ ላይ ነው። ሲሚንቶ ይጠፋል፣ ገንዘብ ያጥራል፣ መንገድ ይዘጋል፤ ቁፋሮው አፉን እንደከፈተ ሰኔ ይደርሳል።

አንድ ፎቅ ሲጨመር መደገፊያውን ጠጋ ብሎ ማየት ነው። እንደ ክንድ የቀጠነ ባሕር ዛፍ፣ ቁመቱ ሲያጥር በሚስማር የተቀጠለ፣ ከሥሩ ድንጋይ የገባለት፣ ድንጋዩ ደግሞ ትናንት በተደለደለ ሙሌት አፈር ላይ የተቀመጠ። ከላይ እርጥብ ኮንክሪት፣ ከሥር የቤቱ ሰዎች፤ ምክንያቱም ሥራው እስኪያልቅ ተከራይተው የሚወጡ ጥቂቶች ናቸው። ቡናው እዚያው ይፈላል፣ ልጁ እዚያው ያጠናል። ጥግ ላይ ደግሞ ብየዳው ብልጭታውን ደረቅ ሞራሌ ላይ ይረጫል፣ የሚሠራበትም መብራት በቴፕ ከተጠቀለለ ቅጥያ ሽቦ ይመጣል።

በእንጨት ላይ ያለን እምነት ምን እንደሚያስከፍል ክልላችን ሁለት ጊዜ አይቷል። ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. በጥምቀት ዕለት በፋሲል መዋኛ ለተመልካች የቆመው የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞቱ። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ አረርቲ በግንባታ ላይ በነበረው የማርያም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የእንጨት መወጣጫው ወድቆ ቢያንስ 36 ምእመናን አለቁ። ሁለቱም የግለሰብ መኖሪያ ቤት አልነበሩም፤ እንጨቱ፣ ሚስማሩና «ይችለዋል» የሚለው ግምት ግን ያው የየግቢያችን ናቸው።

«እኔማ ኢንሹራንስ አለኝ» የሚልም አለ፤ እሱ ከሌለው ሰው ይልቅ ያሳዝነኛል። ያለው ባንክ ሲያበድረው በመያዣው ላይ ያስገባው የእሳትና የመብረቅ መድን ነው። ስሙ እንደሚለው እሳትና መብረቅ ነው። ጎርፍ፣ ማዕበል፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ከተፈለጉ ለየብቻ ተከፍሎባቸው ይጨመራሉ። በቁፋሮ ምክንያት የተደረመሰ ግድግዳ ግን እሳትም መብረቅም አይደለም። የዝናብ ሽፋን ቢጨመር እንኳ የተለመደው የፖሊሲ አጻጻፍ በርና መስኮቱ ያልተገጠመ፣ ጣሪያው የተነሣ፣ በእድሳት ላይ ያለ ቤት ላይ የደረሰውን ጉዳት ያስቀራል። ስርቆትም ቢሆን ተሰብሮ የተገባበት ምልክት ይፈለግበታል፤ በር የሌለው ቤት በምኑ ይሰበራል?

ከዚህ የሚብሰው የማሳወቅ ግዴታው ነው። የንግድ ሕጋችን የመድን ምዕራፍ፣ ያው የ1952ቱ፣ አደጋውን የሚያከብድ ለውጥ ሲመጣ መድን ገቢው ለኩባንያው እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ባለ አንድ ፎቅ ተብሎ የተመዘገበውን ቤት ሁለት ፎቅ ማድረግ፣ የሚሸከም ግድግዳ ማፍረስ፣ ግቢ ውስጥ ብየዳ ማስገባት፣ ያለ ፈቃድ መሥራት፣ ይህ ሁሉ አደጋ የሚያከብድ ነው። ስልክ ያልደወለ ሰው እሳት ቢነሣበት፣ እሳቱ ከሥራው ጋር ባይገናኝም፣ ክርክሩን ሽቅብ ይወጣዋል።

ሌላም ወጥመድ አለ፤ የዋስትናው መጠን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የፌሮውና የቆርቆሮው ዋጋ የት እንደደረሰ ገበያ የወጣ ያውቃል። ከዚያ በፊት በ3 ሚሊዮን ብር የተመዘገበ ቤት ዛሬ የሚሠራው በ6 ሚሊዮን ነው እንበል። 1 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ጉዳት ቢደርስ፣ በአነስተኛ ዋጋ የተገባ መድን በተመጣጣኝ ስለሚቀነስ፣ የሚከፈለው 500 ሺህ ነው። ቀሪውን ግማሽ ባለቤቱ ራሱ ለራሱ መድን ሰጥቶበታል ተብሎ ይቆጠራል። ፎቅ ጨምሮ መጠኑን ያላሻሻለ ሰው ደግሞ ከግማሹም በታች ይወርዳል።

ደረጃ ያለው፣ ኢንሹራንስም ያለው ተቋራጭ የያዘ ባለቤት ቢያንስ ይተኛ? አሁንም አይተኛ። በ1958 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንግሊዝ ውስጥ አንድ ፍርድ ተሰጥቶ ነበር፤ ጎልድ እና ፓትማን የሚባለው። የመሠረት ፓይል ሲተከል የጎረቤት ሕንፃ ይጎዳል፤ ተቋራጩ ግን ጥፋት አልሠራም። ባለቤቱ «መድን እንድትገባ ተዋውለን አልነበረም ወይ?» ብሎ ወደ ተቋራጩ ዞረ። ፍርድ ቤቱ ተቋራጩ የገባው ግዴታ ለራሱ መድን እንዲገባ እንጂ ለባለቤቱም እንዲገባ አይደለም አለው። የእንግሊዝ የግንባታ ውሎች ባለቤቱን ለይቶ የሚሸፍን አንቀጽ የጨመሩት ከዚያ በኋላ ነው። የእኛ ሰው እስከ ዛሬ የሚዋዋለው ከዚያ ፍርድ በፊት በነበረው አስተሳሰብ ነው።

አገራችን ውስጥ ለግንባታ የሚሸጠው፣ ባለሙያዎቹ «ካር» የሚሉት የተቋራጮች ሙሉ አደጋ መድን፣ አጻጻፉ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት የሙኒክ ሪ አብነት ነው። በሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በመሠራት ላይ ያለውን ሥራ፣ ሁለተኛው በሦስተኛ ወገን ላይ የሚደርስ ጉዳትን ይሸፍናል። ድሮ የነበረው ቤትስ? አዲሱ ፎቅ የሚጫንበት አሮጌው ምድር ቤት አዲስ ሥራ አይደለም፤ የባለቤቱ ስለሆነም የሦስተኛ ወገን ንብረት አይደለም። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ይወድቃል። እሱን የሚያስገባው 119 ቁጥር የተሰጠው ተቀጥላ ነው። በቁፋሮና በንዝረት፣ ድጋፍ በማሳጣት የጎረቤት ቤት ላይ የሚደርሰውን የሚያስገባው ደግሞ 120ኛው ነው። ተዳፋት ላይ በተሠራች ከተማ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጉት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ ካልተጠየቁና ካልተከፈለባቸው ግን የሉም። ካሩ የተገዛው በተቋራጩ ስም ብቻ ከሆነ፣ የባለቤቱ ስም አብሮ ካልገባ፣ ወደ ጎልድና ፓትማን ተመለስን ማለት ነው።

ሕግ አውጪው ራሱ ሥራውን በግማሽ እንደተወው መናገር አለብኝ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ናቸው። ከአገራቸው ልማድ ካመጡልን አንዱ ቁጥር 3039 ነው፤ ተቋራጩ ሥራውን ካስረከበበት ጊዜ ጀምሮ ለ10 ዓመት ለጥንካሬው ዋስ ይሆናል። ጥሩ ድንጋጌ ነው። ፈረንሳዮቹ ግን ከእኛ ሕግ መውጣት 18 ዓመት በኋላ፣ በ1978 በእነሱ አቆጣጠር፣ ስፒኔታ በሚባለው ሕግ አንድ ነገር ጨመሩበት፤ ተቋራጩ ለ10 ዓመቱ ኃላፊነት መድን የመግባት፣ ባለቤቱም ሥራው ሳይጀመር ለሥራው ጉዳት መድን የመግዛት ግዴታ ተጣለባቸው። ባዶ እጅ ያለው ሰው የሚሰጠው የ10 ዓመት ዋስትና ለማንም እንደማይበጅ ገብቷቸው ነው። እኛ ዘንድ ዋስትናው ቀረ፤ ከኋላው የሚቆመው ገንዘብ አልመጣም።

ለመኪና ግን አድርገነዋል። በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ 559፣ ቀጥሎም በ2005 በአዋጅ 799 የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ሲሆን ሕዝቡ «ሌላ ቀረጥ መጣ» ብሎ አጉረምርሞ ነበር። ዛሬ ከአዘዞ ፒያሳ የምትመላለስ ባጃጅ ያለ ተለጣፊው ብትገኝ ትቆማለች። አርባ ቶን እርጥብ ኮንክሪት በጎረቤት ማድቤት ራስ ላይ በባሕር ዛፍ ያቆመ ሰው ግን የሚጠይቀው የለም። የ2001ዱ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የግንባታ ፈቃድን ግዴታ አድርጓል። ፕላኑን የሚያጸድቀው ጠረጴዛ ካርታ፣ ዲዛይንና ደረሰኝ ሲጠይቅ፣ ቢያንስ ለፎቅ ሥራ፣ የሦስተኛ ወገን ሽፋን ማስረጃ አብሮ የማይጠይቅበት ምክንያት አይታየኝም።

«ኢንሹራንስ አረቦን ሲቀበል እንጂ ካሳ ሲከፍል አላየንም» የሚለው ቅሬታ ከባዶ የመጣ አይደለም። ለኩባንያዎቹ ጥብቅና አልቆምም። የፖሊሲያቸው ቋንቋ ጠበቃ ይፈልጋል፤ ለትንሽ ሥራ ካር ለመሸጥ አይቸኩሉም፤ ወኪሉ ስለ 119 እና 120 ራሱ አንሥቶ ሲናገር የሰማ ካለ ዕድለኛ ነው። የአገሪቱ ጠቅላላ የመድን አረቦን ከአገር ውስጥ ምርት 1 በመቶ እንኳ የማይሞላው በሕዝቡ አለማወቅ ብቻ አይደለም። ነገር ግን የማይከፈለው ካሳ አብዛኛው ቀድሞ ያልተገዛ ሽፋን ነው። የእሳት መድን ይዞ የድርመሳ ካሳ የሚጠይቅ ሰው ተከለከልኩ ማለት አይችልም።

«ዕድር አለን» የሚለውንም ሰምቻለሁ። ዕድር ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ሐዘንተኛ ያስተዛዝናል፤ የጎረቤትን ቤት መልሶ አይሠራም፤ የተቋቋመውም ለዚያ አይደለም።

«በዚህ ጊዜ ምን መድን?» ለሚለው መልሱ ይከብዳል። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ክልሉ ያለበትን የማያውቅ የለም፤ ጦርነት ደግሞ ከመደበኛው ፖሊሲ ውጭ ነው፤ ለፖለቲካ አመጽና ለሽብር ጉዳት የሚሸጠው ሽፋን ለብቻው ይገዛል፣ በቀላሉም አይገኝም። ሆኖም ባሕር ዛፉ የሚሰበረው ሰላም ቢሆንም ባይሆንም ነው። እንዲያውም ጊዜው ሌላ አደጋ አምጥቷል። መንገድ ተዘግቶ ሲሚንቶ ሲቀር ሥራ ለወራት ይቆማል፤ ካር ግን የሚያልቅበት ቀን አለው። ለ6 ወር የተገዛ ሽፋን በዓመቱ እንደገና የተጀመረውን ሥራ አይጠብቅም። ቤተሰቡ ቤቱን ለቆ ከሆነ ደግሞ ብዙ የቤት ፖሊሲዎች ለረጅም ቀናት ሰው ያልኖረበትን ቤት ይሸፍኑ ዘንድ ቅድመ ስምምነት ይፈልጋሉ። ሥራ በቆመ ቁጥር ማራዘሚያ መጠየቅ የባለቤቱ ፋንታ ነው፤ ፎርማኑ ይህን አያስታውሰውም።

ወደ ዳባትና ደባርቅ፣ ወደ ጃናሞራ ስንወጣ ክርክሬ መልኩን ይቀይራል። እዚያ ቤት የሚሠራው በወንፈልና በደቦ ነው፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ሣሩ በቆርቆሮ እየተተካ ያለ። ለዚያ ጎጆ ካር ግዛ ብዬ የምሟገት ሞኝ አይደለሁም፤ የሚሸጥለትም የለም። እዚያ ኃላፊነቱን በተቋራጭ የሚያሳብብ ሰውም የለም፤ ምሰሶ ያቆመው የራሱ ጎረቤት ነው፤ ቢጎዳ ከብት ሸጦ የሚያሳክመው ባለቤቱ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ደጋው ያልረሳውን ኃላፊነት የረሳው ከተሜው ነው፣ ያውም ውል ጽፎ። ደባርቅ ከተማ ውስጥ ግን ፎቅ የሚሠራው ሆቴልና የኪራይ ቤት እንደ ጎንደሩ ሁሉ ባለ ዕዳ ነው።

ዋጋው ይከብዳል ለሚል፣ የካር አረቦን የሚሰላው ከሥራው ዋጋ በመቶኛ ነው። ለበር ላሜራ አበባ ማስጌጫ የሚወጣውን ብር ያየ ሰው በዚህ በኩል ባይከራከረኝ ደስ ይለኛል። ጣሪያው ከመነሣቱ በፊት የባንኩን መድን ለሰጠው ኩባንያ በጽሑፍ «ይህን ይህን ሥራ ልጀምር ነው» ማለት ምንም አያስከፍልም፤ መልሱንም ማኅተም አስደርጎ መያዝ ነው። ተቋራጩ ካር አለኝ ካለ ፖሊሲውን ራሱን ማየት፦ የባለቤቱ ስም አለ ወይ፣ ነባሩ ቤት ገብቷል ወይ፣ የድጋፍ መላላት ገብቷል ወይ፣ የሚያልቅበት ቀን መቼ ነው፣ ሠራተኞቹ የካሳ ዋስትና አላቸው ወይ። ተቋራጩ ፖሊሲው ቢሮ ነው፣ ነገ አመጣዋለሁ ካለ፣ ቁፋሮውም ለነገ ይደር።